ሃርድቶፕ ገዛን፤ ከምን እንጀምር?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተዋጥተን በፈረንጆቹ የ1996 ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ከጨረታ ገዛን። ናፍታ ናት፣ ቱርቦ የላትም፣ ጎማዋ 265/70 በ16 ነው። ሐሳባችን መንዝ ጓሳን፣ አንኮበርንና የጀማ ሸለቆን እያደርን መዞር ነው። ከፍ ልናስደርጋት፣ 33 ኢንች ጎማ ልናስገባላት፣ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) እና የጣሪያ ድንኳን ልንጭንባት፣ ከፊት ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት ማሽን) ልናስገጥምላት አስበናል። ገንዘባችን ግን ሁሉንም አይችልም። ከየቱ እንጀምር? ደግሞስ ከጭቃ ስንመለስ እንዴት ነው የምናጥባት? የላቫጆው ልጅ ‹ከስር ናፍታ ልርጭላችሁ፣ ዝገት ይከላከላል› ይለናል።»

እንኳን ደስ አላችሁ። ጥሩ መኪና ነው የገዛችሁት። ጋሼ ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል። ሃያ ምናምን ዓመት ከመኪና ስር ተኝቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሴ ትንሽ የጋራዥ ሽታ ይኖረዋል።

ከዘረዘርካቸው አንዱንም አታስቀድም። በፍሬን ጀምር።

ሰው ስለ አስቸጋሪ መንገድ ሲያስብ የሚታየው ዳገትና ጭቃ ነው። በኛ አገር ግን መኪና የምትፈተነው ስትወርድ ነው። እናንተ ያላችሁባት ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ጣርማበር 3,100 አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። ወደ አንኮበር ብትሄድ ከዚያ በታች አልዩ አምባ አለ። ወደ መርሐቤቴ ብትሄድ የጀማ ገደል አለ። በየትም ብትዞር የሆነ ቦታ ላይ መሬቱ ከእግርህ ስር ይጠፋል።

አንድ ሒሳብ ልሥራልህ። ሰው፣ ውሃ፣ ናፍታና ዕቃ ሞልታችሁ መኪናዋ 28 ኩንታል ትመዝናለች እንበል። ከጣርማበር ዋሻ ተነስታ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,800 ሜትር ያህል ወርዳለች። ይህ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የትልቁ በርሜል ሦስት አራተኛ ማለት ነው። ከፊሉን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ሌላ መሄጃ የለውም። ጣሪያ ላይ የምትጭነው እያንዳንዱ ኩንታል ደግሞ ተጨማሪ አምስት ሊትር ያፈላብሃል።

በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንኮበር አድረን ወደ አልዩ አምባ እየወረድን ነው። መኪናዋ እስከ ጣሪያዋ ተጭናለች። እኔ ወሬ ይዣለሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን ፍሬን ላይ አሳርፌያለሁ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ኋላ የተቀመጠው ጓደኛዬ «እዚህ ሰፈር ከሰል ያከስላሉ እንዴ?» አለ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። እንደ እርጥብ ስፖንጅ እግሬ ስር ሟሸሸ። ሁለቴ ሦስቴ ደጋገምኩት፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዘ። ሁለተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ በተራራው በኩል ካለው አፈር ጋር አስጠጋኋት። ቆመች።

ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥን። አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ደርሰው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩአት። «አህያም ቁልቁለት ላይ ጭነት ይቀነስላታል» አሉን። ይስደቡን ይምከሩን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በማግሥቱ ፈታሁት። የፍሬን ሸራው ገና ነበር፤ ገመናው ዘይቱ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ይሻላል፤ አዲሱ 230፣ እርጥበት የገባበት 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። አንተ ትረግጣለህ፣ ጎማው አይሰማም። እኔ የሰው መኪና በየቀኑ እየፈታሁ የራሴን ዘይት ለስንት ዓመት ረስቼው ኖሯል። የባለሙያ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው።

የጨረታ መኪና ደግሞ ስንት ጊዜ ቆማ እንደኖረች አታውቅም። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የኋላውን ታምቡሮ (ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት) አስከፍተህ ሸራውን እይ። ከጎማ የተሠሩትን የፍሬን ቱቦዎች እጥፍ አድርገህ ተመልከት፤ ከተሰነጠቁ ይቀየሩ። የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክረው። ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) እና የጎማ ኩሽኔታም በዚያው ይታዩ። ይህ ሁሉ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ማንም መንገድ ላይ አቁሞ አያደንቅህም።

ነጂውም ከመኪናዋ እኩል መሠራት አለበት። የድሮ ሰዎች ሕግ ቀላል ነው፤ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። መንገዱ ጠጠር ሆኖ በጣም ሲቆለቁል ቆመህ ሎው (የአራት ጎማ መንጃውን ከባድ ማርሽ) አስገባና በሁለተኛ ልቀቃት። የፊት ሃብ (የፊት ጎማን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው) መቆለፉንም እይ። ፍሬን ስትይዝ ጠበቅ አድርገህ ቀንሰህ ልቀቅ፤ እግርህን አስደግፈህ አትውረድ። ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ጓደኛ ካለህ መሪ አትስጠው።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። ከፍ ማስደረግን ያነሳሁት ከፍሬን ቀጥሎ በምክንያት ነው። ከመኪናዋ ስር ገብተህ የኋላውን አክስል ተመልከት። በነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ከአክስሉ ተነስቶ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የተያያዘ ቀጭን ብረት አለ። ሥራው ጭነት መለካት ነው። ዕቃ ስትጭን የኋላው ይወርዳል፣ ብረቱ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ጉልበት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ይቀንሳል፤ አለዚያ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል። አሁን መኪናዋን አምስት ሳንቲ ከፍ አድርጋት። ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ የሆነች ይመስለዋል። 28 ኩንታል ጭነህ ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬንህ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የብረቱን ማሰሪያ በዚያው ልክ ማስረዘም። ሠሪህን ስለዚህ ነገር ጠይቀው። ግራ ገብቶት ካየህ ሌላ ጋራዥ ፈልግ። የፍሬን ቱቦዎቹም አብረው ይለካሉ።

አንዳንዱ ጋራዥ ደግሞ የአይሱዙ ባሌስትራ (መኪናዋን ከስር የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ይደርብልሃል። ርካሽ ነው፤ መኪናዋም ቀጥ ትላለች። ባዶ ስትነዳት ግን ወገብህን ታወጣዋለች። ድንጋይ ላይ ጎማዋ መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል። የደከመ ባሌስትራ ካለህ በራሷ ልክ አዲስ አስገባ። አምስት ሳንቲ አካባቢ ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ለታይታ ነው።

ስለ 33ቱ ጎማ። ያሰብከው 285/75 በ16 ከሆነ ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያንተ 777 ነው። መኪናዋ የምትነሳው የልዩነቱን ግማሽ፣ ሦስት ሳንቲ እንኳ አይሞላም። በምትኩ ማርሽህ በሙሉ ሰባት በመቶ ይከብዳል። ፍሬንህ የሚያቆመው ጎማም በዚያው ልክ ይረዝማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጣርማበር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እዚያ ላይ የከበደ ጎማ ስትጨምር በሁለተኛ የምትወጣውን ዳገት በአንደኛ ትወጣዋለህ። የፍጥነት ቆጣሪህም ይዋሻል። 100 ሲልህ አንተ 107 ላይ ነህ።

እኔ ብሆን 235/85 በ16 አስገባ ነበር። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ቁመቱ 806 ያህል። የጎኑ ግድግዳ ጠንካራ የሆነውን ምረጥ፤ የመንዝ ድንጋይ የሚቀደው ጎኑን ነው። ስትገዛ ዶት የሚለውን ጽሑፍ መጨረሻ እይ። አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ከላይ ሲያዩት አዲስ ነው። (የፍሬን ዘይቱም ዶት፣ የጎማውም ዶት፤ ሁለቱም ከአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል የመጡ ናቸው።) ለስኮርታውም ከአራቱ ጋር እኩል አስብ። ከጓሳ ወርደህ ጎሚስታ እስክታገኝ ብዙ ታስባለህ።

ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጎማ መንፊያ ግዛ። አስፋልት ላይ 35 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) የምትነፋ ከሆነ ጠጠርና ድንጋይ ላይ ወደ 28 አውርደው። መኪናዋ ሌላ መኪና ትሆናለች። ጥርስህ አይንቀጫቀጭም፣ ጎማው ድንጋዩን ያቅፈዋል። አስፋልት ስትደርስ መልሰህ ንፋው። ለምቾት ከማንም ዕቃ በላይ የሚሠራው ይሄ ነው፤ ለማንም ደግሞ አይታይም።

ዊንቹን ለጊዜው ተወው። ጓሳን አይተኸው ከሆነ ታውቀዋለህ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ የሣር አገር ነው። ገመድህን ምን ላይ ልታስር ነው? ደግሞ ያ ሣር ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ የጋራ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከመንገዱ ወጥቶ ጎማ የሚያሽከረክርበት ሰው እዚያ ባይሄድ ይሻላል። ከመንገድ ካልወጣህ ደግሞ ዊንች የሚያስፈልግህ አልፎ አልፎ ነው።

የሚይዝህ ሌላ ነው፤ ዋልካ። እነዋሪ ሜዳ ላይ፣ በሐምሌ፣ ሃያ ደቂቃ የዘነበ ዝናብ አቁሞኛል። ጥቁሩ አፈር ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ፓራፋንጎውን ሞላው። ጎማው ጎማ መሆኑ ቀርቶ ዳቦ መሰለ። ክሪክ ስር ባስገባ ክሪኩ ራሱ ሰመጠ። መኪናዋ አንድ ሳንቲ ሳትነሳ ክሪኩ ጠፋ። ያወጣን ገበሬ ነው። ሁለት የጅሩ በሬ አምጥቶ አሰረ፣ እኛ ከኋላ ገፋን፣ እሱ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ለመናቸው። ወጣች። ብር ልንሰጠው ብንል አልቀበልም አለ። «በሬዎቼ ላንድክሩዘር ጎተቱ ብዬ ማውራቱ ይበቃኛል» ብሎን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ክሪክ ስር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ አካፋና ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ አይለየኝም። ገመዱ ሻንሲ ላይ በተሠራ መንጠቆ ብቻ ይታሰር። የተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ አታስረው፤ ሲበጠስ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ዋልካ ሲረጥብ ግን ጎማም ዊንችም አያድንህም። ቁጭ ብለህ ቡና ጠጣ። ፀሐይ ስትወጣ ይጠነክራል።

የጣሪያ ድንኳን ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ሃርድቶፕ ገዝቶ ጣሪያ ላይ መተኛት ቤት ሠርቶ በረንዳ ላይ እንደማደር ነው። ከኋላ ያሉትን የጎን ወንበሮች አውጣና ሰፈር ያለ አናጢ ጋር ሂድ። ሁለት ሰው የሚያስተኛ የጣውላ መደብ ይሥራላችሁ፤ ከስሩ ሳጥኖች ይግቡ። ሦስተኛው ሰው ተራ በተራ መሬት ላይ ድንኳን ይተክላል። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ሲሆን ልዩነቱን በልብ ምትህ ታውቀዋለህ። ፖርቶመጋላ ካስፈለገ ቀላል ዕቃ ብቻ ጫንበት፤ ፍራሽ፣ ባዶ ጄሪካን። ባለ 20 ሊትር ውሃ አምስት ጄሪካን አንድ ኩንታል ነው፤ እሱ ከኋላ አክስል ፊት፣ ወለል ላይ ይታሰር። የውስጥ ወንበር ስታወጣና ቀለም ስትቀይር ሊብሬው ላይ ያለውን አስታውስ። ለቦሎ ስትሄድ ጣጣ እንዳይሆንብህ ቀድመህ ጠይቅ።

መኪና ውስጥ ስታድሩ መስኮት በጣት ውፍረት ክፍት ይሁን። ከሰል ግን በጭራሽ ውስጥ አይግባ። የጓሳ ብርድ ያስጨክናል፤ አውቃለሁ። ብርድ ልብስ ጨምሩ። ከሰል ጭስ ባይኖረውም ይገድላል።

ብርድን ካነሳሁ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ንጹህ ውሃ ብቻ የሞላ ራዲያተር ውስጥ ሌሊት ውሃው በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ኩላንት አድርግበት። ካንዴሌታዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁት) ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ ከሞቱ ጠዋት ጠዋት ትለምናታለህ። የራዲያተር ክዳኑንም ቀይረው። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ስትወጣ ግፊቱን ይዞ የሚያቆይልህ ያ ትንሽ ክዳን ነው። በክረምት ደግሞ ጣርማበር ላይ ጉም ይወርዳል። ጣሪያ ላይ የሚደረድሩት የኤል ኢ ዲ መብራት ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንህን ያጠፋዋል። ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ይበቃል።

አሁን እጥበቱ። ለላቫጆው ልጅ አመሰግናለሁ በልና እምቢ በለው። ናፍታም የተቃጠለ ዘይትም ብረቱን ለጥቂት ቀን ያብለጨልጨዋል። ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ክፍሎቹን) ግን ያሳብጣቸዋል፣ ያላላቸዋል። ቅባቱ ላይ የመንገዱ አቧራ ይለጠፍና ሌላ ቅርፊት ይሠራል። ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ ወደ ጀመርንበት ወሬ ተመለስን ማለት ነው። እጥበቱ በሬሳ ወንዝ ዳር ከሆነ ከታች ከብት ይጠጣል፤ እናት ልብስ ታጥባለች።

ጭቃው ሳይደርቅ እጠባት። ዋልካ ከደረቀ ሸክላ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከስር ጀምር፣ ወደ ላይ ውጣ። ሰው ሁሉ ከጣሪያ ጀምሮ ስሩ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ሻንሲው ባዶ ሳጥን ነው፤ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ቱቦውን አስገብተህ ከሌላው ጫፍ ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ልቀቅበት። የመጀመሪያው የሚወጣው እንደ አተላ ነው። እሱ ነው መኪናዋን ከውስጥ የሚበላት። በባሌስትራዎቹ መካከል፣ ከፓራፋንጎ ጀርባ፣ ከስፖርቴሎ ስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በእንጨት ጎርጉራቸው። ራዲያተሩን ቀስ ባለ ውሃ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠበው፤ የግፊት ውሃ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። የግፊት ውሃ ዲናሞና የጎማ ኩሽኔታ ላይ አይጠጋ። ግራሶውን አስወጥቶ ውሃ ይተካበታል። ስለዚህ ከትልቅ እጥበት በኋላ ግራሶ አስደርግ።

ወንዝ ከተሻገርክ አንድ ነገር ጨምር። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በመተንፈሻው ወይም በላስቲኩ ውሃ ይስባል። የታችኛውን ቡሎን ትንሽ ላላ አድርገህ ጠብታውን እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ቀይረው። የመተንፈሻውን ቱቦ ወደ ላይ ማስረዘም ከስኖርክል (ሞተሩ አየር የሚስብበት ከፍ ያለ ቱቦ) በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ሜትር የጎማ ቱቦ ነው።

ሲደርቅ ዝገት ያለበትን በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ ጸረ ዝገት ቀባው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይህችን ሻንሲ አበስብሰህ ሌላ በቀላሉ አታገኝም።

ፍሬኑን አሠርተህ ስትጨርስ ሙሉ ጭነት ጫንና አልዩ አምባ ወርዳችሁ ተመለሱ። ታች ስትደርሱ መዳፍህን ወደ አራቱም ጎማ ቸርኬ አስጠጋ፤ አትንካ፣ ያቃጥላል። ሁለቱ የፊቶቹ እርስ በርስ፣ ሁለቱ የኋላዎቹም እርስ በርስ እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከሞቀ እዚያ ጋ የሚይዝ ፍሬን አለ። የኋላዎቹ ምንም ካልሞቁ ያ ቀጭን ብረት ወይ ታምቡሮው ይታይ። የትኛው እንደሞቀ ጻፍልኝ፤ ስለ መደቡ ልክ ከዚያ በኋላ እናወራለን።